መጀመሪያ ኧርዝ፣ ቀጥሎ መዳብ

ጥር ነው፤ የሰርግ ወር። አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ካሉት አዳራሾች በአንዱ ሙሽሮቹ ገና አልደረሱም። አስተናጋጆች ወንበሩን ነጭ ጨርቅ ያለብሳሉ፣ መድረኩ ላይ ባንዱ ሳውንድ ቼክ ይዟል። ኪቦርዱ አልቋል፣ ቤዙም አልቋል፤ ተራው የሊድ ጊታሩ ነው። ወጣቱ ጊታሪስት በትዝታ ቅኝት አጭር ሐረግ ተጫውቶ እጁን ከክሩ ላይ ሲያነሣ ከስፒከሩ ወፍራም «እዝዝዝ» ይለቀቃል። ክሩን መልሶ ሲነካ ድምፁ ይወርዳል፤ እጁን ሲያነሣ እንደገና ይመጣል።

«ወንድሜ፣ እሱን ነገር ዝጋልኝ» ይላል ሚክሰሩ ላይ ያለው የድምፅ ባለሙያ።

«ዘግቼ በምን ልጫወት? እጄን ሳነሣ ነው'ኮ የሚጮኸው።»

«በቃ እጅህን አታንሣ!»

መድረኩ በሙሉ ይስቃል፤ ከሳቁ በቀር ግን ሌላ መላ አልተገኘም። ልጁ በየዘፈኑ መሃል ቮሊዩሙን እየዘጋ፣ መዳፉን ብሪጁ ላይ እንዳሳረፈ ያመሻል።

ይህ ጩኸት ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ጊታር ለያዘ ሁሉ የታወቀ ነው። በሆቴል መድረክ፣ በአብያተ ክርስቲያናት የዝማሬ አዳራሽ፣ በትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ ይሰማል። ምክሩም በየቦታው ያው ነው፦ «ጊታርህ ኮፒ ስለሆነ ነው፤ ኦሪጅናል ግዛ።» ምክሩን ሰምቶ ያጠራቀመውን ብር አውጥቶ ውድ ጊታር የገዛ ሰው እዚያው መድረክ ላይ ሲሰካው ያው «እዝዝ» ሊጠብቀው ይችላል። ኖይዙ የሚመጣው ከአንድ ቦታ አይደለምና። ምንጩን ሳይለዩ ብር ማውጣት በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት መግዛት ነው። ለይቶ ለሚነሣ ግን ርካሹ ጊታር ራሱ በጥቂት ወጪ ለመድረክ የሚበቃ ይሆናል።

ፒካፑ የሚሰማው ሁሉን ነው

ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ፒካፕ ነው። ፒካፕ በማግኔት ዙሪያ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው፤ የሽቦው ውፍረት 0.06 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ዙሩ በአንድ ተራ ፒካፕ ላይ ከ7 እስከ 8 ሺህ ይደርሳል። ማግኔቱ በአጠገቡ ያለውን የብረት ክር ማግኔት ያደርገዋል። ክሩ ሲርገበገብ በጥቅል ሽቦው ውስጥ የሚያልፈው መግነጢሳዊ መስክ ይለዋወጣል፤ መለዋወጡም ሽቦው ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ማይክል ፋራዴይ ይህን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1831 አረጋግጦ ነበር፤ ጊታር ላይ የዋለው ግን መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ነው።

ችግሩ ጥቅል ሽቦው ክሩን ብቻ መርጦ አለመስማቱ ነው። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ሲሆን በሰከንድ 50 ጊዜ፣ ማለትም በ50 ኸርዝ፣ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ይህ ምት፣ ከእጥፉ ከ100 ኸርዝና ከዚያ በላይ ካሉት ተከታዮቹ ጋር፣ በየግድግዳው ሽቦ ውስጥ አለ። የጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ 82 ኸርዝ ገደማ ነው። ስለዚህ ኖይዙ የሚያርፈው ከጊታሩ ወፍራም ድምፆች መሃል ነው፤ በሚክሰር ኢኪው ቆርጦ ለማውጣት የሞከረ ባለሙያ ከኖይዙ ጋር የጊታሩንም ሆድ ይቆርጠዋል።

ኖይዙ ወደ ጊታሩ የሚገባበት መንገድ ሁለት ነው። አንዱ መግነጢሳዊ ነው፦ ከስታብላይዘር፣ ከትራንስፎርመር፣ ከፍሪጅ ሞተር የሚነሣው መስክ በቀጥታ ጥቅል ሽቦው ውስጥ ይገባል። ይህ ወፈር ያለ፣ ለስላሳ «እምምም» ነው። ሁለተኛው ከኤሌክትሪክ መስክ የሚመጣ ነው፦ በግድግዳ ውስጥ ከሚያልፍ ሽቦ፣ ከመብራት ማደብዘዣ፣ ከርካሽ የኤልኢዲ አምፖል፣ ከስልክ ቻርጀር ይነሣና በጊታሩ ሆድ ውስጥ ባልተሸፈኑት ሽቦዎች ላይ ያርፋል። ይህኛው ቀጠን ብሎ የሚሾል «እዝዝዝ» ነው።

የአዳራሹ ልጅ ጊታር እጁ ሲነካው ለምን ዝም እንዳለ መልሱ እዚህ ላይ ነው። የሰው ገላ ራሱ ከዙሪያው የኤሌክትሪክ መስክ ይቀበላል፤ ለጊታሩ ቅርብ ስለሆነም የተቀበለውን ያስተላልፋል። የጊታር ክር በብሪጁ በኩል ከግራውንድ ጋር የተያያዘ ነው። ተጫዋቹ ክሩን ሲነካ በገላው ላይ ያለው በዚያ በኩል ይወርዳል፣ ጊታሩም ጸጥ ይላል። እንዲህ ያለው ጊታር የክሩ ግራውንድ ደህና ነው፤ ሆዱ ግን አልተሸፈነም።

መብራት አመንጪዋ ከተማ

አዳማ ለመብራት እንግዳ አይደለችም። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ በአዋሽ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. 43 ሜጋዋት ይዞ ሥራ ጀመረ። ከአዳማ ዙሪያ ኮረብታ የሚታዩት የነፋስ ተርባይኖች በሁለት ምዕራፍ 51 እና 153 ሜጋዋት እንዲያመነጩ የተተከሉ ናቸው። ወደ ደቡብ ሲወርዱ ደግሞ በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል የአሉቶ እንፋሎት አለ። ይህ ሁሉ ኃይል በሚመነጭበት አካባቢ ግን በብዙ ቤትና አዳራሽ ውስጥ ሶኬቱ ሦስተኛ ሽቦ፣ ማለትም ኧርዝ፣ የለውም። አንዳንዱ ሶኬት የኧርዝ መያዣው ይታያል፤ ከኋላው ግን የተያያዘ ሽቦ አይገኝም።

ያለ ኧርዝ የጊታር ግራውንድ ስሙ ብቻ ነው። በጊታሩ ውስጥ ያለው መሸፈኛ ሁሉ የሰበሰበውን ኖይዝ በኬብሉ በኩል ለአምፑ ያስረክባል፤ አምፑም ወደ መሬት ማውረድ አለበት። መሬቱ ከሌለ የአምፑ ቆርቆሮ ራሱ በጥቂት ቮልቴጅ ይንሳፈፋል። በባዶ እግሩ የቆመ ተጫዋች ክሩን ሲነካ ንዝር ይለዋል፤ ከንፈሩ ማይክሮፎኑን ሲነካማ ይቆነጥጠዋል።

ይህ የመድረክ ቀልድ የሚመስለው ነገር ሰው ገድሏል። ስቶን ዘ ክሮውስ የተባለው የስኮትላንድ ባንድ ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1972 በዌልስ ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ በትክክል ኧርዝ ያልተደረገ ማይክሮፎን ነክቶ ሕይወቱ አልፏል።

በስምጥ ሸለቆ ጥሩ ኧርዝ መሥራት የራሱ ጣጣ አለው። አፈሩ ብዙ ቦታ እሳተ ገሞራ የተፋው አመድና ቀላል ድንጋይ ነው፤ በበጋ ይደርቃል፣ ደረቅ አፈር ደግሞ ኤሌክትሪክ በቀላሉ አያሳልፍም። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የኧርዙን ዘንግ ጠለቅ አድርገው ይቀብራሉ፣ ጉድጓዱን ከሰልና ጨው ይሞሉታል፣ በደረቁ ወራትም ውኃ ያጠጡታል። በመሣሪያ ሳይለካ «ኧርዝ አለው» ማለት ግምት ነው። ከዚህ ጋር 30 ሚሊ አምፒር ሲያፈተልክ መስመሩን የሚቆርጥ አርሲዲ ማስገባት ለመድረክ ትልቁ ዋስትና ነው። በጄኔሬተር ለሚሠራ የውጪ ዝግጅትም ነገሩ ያው ነው፤ ጄኔሬተሩ የራሱ ዘንግ ያስፈልገዋል።

ሌላም ልማድ አለ፤ ኖይዝ ሲበዛ የአምፑን ኧርዝ መቁረጥ። አንዳንድ ጊዜ እውነትም ጩኸቱ ይጠፋል። የሚጠፋው አምፑና ሚክሰሩ በሁለት የተለያየ ቦታ ኧርዝ ሆነው በመካከላቸው ዑደት ስለተፈጠረ ነው። መፍትሔው ግን መቁረጥ ሳይሆን ሁለቱንም ከአንድ ሶኬት፣ በአንድ ጥሩ ዲቫይደር መሰካት ነው። ካልሆነም የድምፁን መስመር ብቻ የሚለይ ዲአይ ቦክስ ይገባል። ኧርዙን የቆረጠ ሰው የተጫዋቹን ሕይወት በጸጥታ ለውጧል።

ሳይከፍቱ መለየት

ካቻቪቴ ከማንሣት በፊት አምስት ነገር መሞከር ይበቃል።

የጊታሩን ቮሊዩም ሙሉ በሙሉ ዝጉት። ኖይዙ ካልቀነሰ ጥፋቱ ከጊታሩ ውጭ ነው፤ ኬብሉን፣ አምፑን፣ ሶኬቱን መርምሩ። የተረገጠና የተጠማዘዘ ኬብል መሸፈኛው ውስጡ ተበጥሶ ይገኛል፤ ሌላ ኬብል መሞከር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ቮሊዩሙን ከፍታችሁ ክሩን ንኩ። ኖይዙ ከቀነሰ ሆዱን መሸፈን ይጠቅማል። ምንም ለውጥ ከሌለ ከብሪጁ የሚመጣው የግራውንድ ሽቦ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ሲነኩት ከጨመረ ወይም ከቆነጠጠ መጫወት አቁሙ፤ ችግሩ የሶኬቱ ነው፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩ።

ጊታሩን እንደያዛችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩ። በአንድ አቅጣጫ ከፍ፣ በሌላው ዝቅ የሚል ከሆነ መግነጢሳዊ ነው፤ ከስታብላይዘሩ ራቁ።

መብራቱን አንድ በአንድ አጥፉ፣ ቻርጀሮችን ንቀሉ። ኖይዙ አብሮ ከጠፋ ጥፋተኛው ተገኘ።

በመጨረሻ በባትሪ በሚሠራ ትንሽ አምፕ ሞክሩት። እዚያ ጸጥ ካለና አዳራሹ ውስጥ ከጮኸ፣ መጀመሪያ መጠገን ያለበት አዳራሹ ነው።

ሆዱ ሲከፈት

አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ባለች ጠባብ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቅ ጠረጴዛ ላይ ቀይ ጊታር ተጋድሟል። በመደርደሪያው ላይ የተከፈቱ ቴሌቪዥኖችና ሪሲቨሮች ተደርድረዋል። ባለሱቁ ጎልማሳ ናቸው፤ ጊታር አይጫወቱም፣ ሶልደር ግን እጃቸው ላይ ያደገ ሙያ ነው።

«ጋሼ፣ ፒካፑን ብቀይረው አይሻልም?» ይላል የጊታሩ ባለቤት።

«ቆይ፣ መጀመሪያ እንየው። ያልታየ ነገር አይቀየርም።»

ክሮቹን አላልተው፣ የፊቱን ፕላስቲክ የያዙትን 11 ብሎኖች ፈትተው ያነሡታል። ሦስቱ ፒካፖች፣ መቀየሪያውና መቆጣጠሪያዎቹ ከፕላስቲኩ ጋር ይነሣሉ። ሆዱ ባዶ እንጨት ነው፤ ጥግ ጥጉ ላይ የአዳማ ነፋስ ያመጣው ደቃቅ አቧራ ተኝቷል። ሽቦዎቹ ቀጫጭን፣ መሸፈኛ የሌላቸው ናቸው። ከብሪጁ የሚመጣው ሽቦ የተያያዘበት ሶልደር አመድማ ሆኖ ተኮማትሯል፤ ሲጎትቱት ይነቃነቃል። ሽቦው የት እንደገባ ባለቤቱ በስልኩ ፎቶ ያነሣል፤ መልሶ ሲገጠም ከፎቶው የሚሻል ማስታወሻ የለም።

አቧራውን በብሩሽ ጠርገው፣ እንጨቱን በአልኮል ወልውለው የመዳብ ቴፕ መለጠፍ ይጀምራሉ። መጀመሪያ ወለሉ፣ ቀጥሎ ግድግዳው፤ አንዱ ቁራጭ በሌላው ጫፍ ላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይደረባል። በማንኪያ ጀርባ እያሹ ሽብሽቡን ያስተኙታል። በአንድ በኩል ቴፑን ከጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ወጣ አድርገው ብሎኑ በሚገባበት ቦታ ያጥፉታል፤ የፕላስቲኩም ጀርባ በቴፕ ስለሚሸፈን ሲከደን ሁለቱ እዚያ ላይ ይነካካሉ፣ ሆዱም ከላይም ከታችም የተዘጋ የመዳብ ሣጥን ይሆናል። ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1836 በብረት በተሸፈነ ክፍል ውስጥ ቆሞ ያሳየው ይህንኑ ነው፦ የውጪው የኤሌክትሪክ መስክ በብረቱ ላይ ያልቃል፣ ውስጥ አይደርስም።

«አሁን እናዳምጠው» ብለው ቴስተሩን ያነሣሉ። አንዱን ጫፍ ወለሉ ላይ፣ ሌላውን ግድግዳው ላይ ሲያስቀምጡ ቴስተሩ ዝም ይላል። የርካሽ ቴፕ ማጣበቂያ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ቁርጥራጮቹ ለዓይን አንድ ቢመስሉም እርስ በርስ አልተገናኙም። በየመጋጠሚያው አንዳንድ ነጥብ ሶልደር ያስቀምጣሉ። ዳግም ሲለኩ ቴስተሩ «ጢጥ» ይላል፤ ንባቡ ከ1 ኦም በታች ነው። ይህን ልኬት የዘለለ ሰው ጊታሩን በሚያምር ጌጥ ሞልቶ ይዘጋዋል፣ ኖይዙም እንዳለ ይቀራል።

የመዳብ ቴፕ ላላገኘ የወጥ ቤት አልሙኒየም ፎይልም ይሠራል። ችግሩ ተራ ሶልደር አልሙኒየም ላይ አይዝም፤ ስለዚህ የግራውንዱ ሽቦ ቀለበት ተደርጎለት በብሎን ይታሰራል። ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ጥቁር ቀለም ያገኘም ሁለት ሦስት ጊዜ ደራርቦ ቀብቶ ማድረቅ ይችላል።

ቀጥሎ ከመዳቡ አንድ ሽቦ ወደ ግራውንዱ ይሄዳል፣ የብሪጁም ሽቦ እንደ አዲስ ሶልደር ይደረጋል። መጨረሻ ላይ ባለሱቁ የጃኩን መግቢያ በፕላስቲክ ቴፕ ይሸፍናሉ። ኬብል ሲሰካ ድምፁን የሚወስደው የጃኩ ምላስ ወደ ጎን ይለጠጣል፤ መዳቡን ከነካ ጊታሩ ጨርሶ ዝም ይላል። ብዙ ሰው የደከመበትን ሥራ «አበላሸሁት» ብሎ ቴፑን የሚነቅለው እዚህ ላይ ነው።

ተከድኖ፣ ክሩ ተወጥሮ አምፑ ላይ ሲሰካ ልጁ እጁን ከክሩ ያነሣል። ያ የሾለ «እዝዝ» የለም። ዞር ሲል ግን፣ መደርደሪያው ላይ ወዳለው ስታብላይዘር ሲጠጋ፣ ለስላሳው «እምምም» ቀስ እያለ ይነሣል።

«ይኼኛውስ ጋሼ?»

«ይኼ የመዳብ ሥራ አይደለም።»

መዳብ የማያቆመው

ቀጭን የመዳብ ቴፕ የ50 ኸርዝ መግነጢሳዊ መስክን አያቆምም፤ መስኩ ምንም እንዳልነበረ አልፎት ይገባል። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ሁለት ጥቅል ነው። የጊብሰን መሐንዲስ ሴት ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 የፈጠራ መብት የጠየቀበት ሃምበከር ሁለት ጥቅሎችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። የአንዱ አጠማዘዝም የማግኔት አቅጣጫም ከሌላው ተቃራኒ ነው። ኖይዙ ለሁለቱም እኩል ይገባል፤ አንዱ ሽቅብ ሲል ሌላው ቁልቁል ስለሚል ይጣፋሉ። የክሩ ድምፅ ግን በማግኔቱ ምክንያት በሁለቱም ላይ አንድ አቅጣጫ ይዞ ይደመራል።

ባለ ሦስት ፒካፕ ጊታር ያለው ሰው ይህን ጥቅም ሳያውቀው ይዞት ሊሆን ይችላል። በብዙዎቹ ላይ የመሃሉ ፒካፕ በተቃራኒ የተጠመጠመ ስለሆነ መቀየሪያው በሁለተኛውና በአራተኛው ቦታ ላይ ሲሆን ሁለት ፒካፖች አብረው ሠርተው ያን «እምምም» ያጠፉታል። ስታብላይዘርና ፍሪጅ በበዛበት የሆቴል መድረክ ለሚጫወት ነጻ መላ ነው። በቀጭኑ ፒካፕ ልክ የተሠሩ ሃምበከሮችም አሉ፤ እንጨቱን ሳይቆርጡ ይገባሉ።

የኖይዝ ነገር ለእኛ ሙዚቃ የሚከብድበት ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ1975 ከማሕሙድ አሕመድ ጋር «ኧረ መላ መላ»ን የሠራው አይቤክስ ባንድ፣ በጊታሪስቱ ሰላም ሥዩም ጣቶች የሚታወቀው ድምፅ፣ ከዚያም የመጣው ሮሃ ባንድ፣ ለብዙ የከተማ ጊታሪስት ትምህርት ቤት ሆነዋል። በዚህ ስልት ጊታሩ ባብዛኛው ንጹሕ ነው፤ ከዘፋኙ ሐረግ በኋላ ይመልሳል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ይመልሳል። በዝግታ በሚሄድ ትዝታ ዝምታው ራሱ የዘፈኑ አካል ነው፤ እዚያ ዝምታ ውስጥ ኖይዝ መደበቂያ የለውም። ቦብ ማርሊ እ.ኤ.አ. በ1978 በጎበኛት፣ ሬጌ ቤቱ በሆነባት ሻሸመኔም ጊታሩ የሚመታው በምቱ ግማሽ ላይ ነው፤ ቀሪው ግማሽ ባዶ ነው፣ ያ ባዶ ንጹሕ መሆን አለበት።

ነፋሱና አንገቱ

ጸጥ ያለ ጊታር ለእጅ ካልተመቸ ግማሽ ሥራ ነው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከጥቅምት ጀምሮ ደረቅና ነፋሻ ትሆናለች። እርጥበት ባለበት አገር ፋብሪካ ተሠርቶ የመጣ ጊታር እዚህ ሲደርስ እንጨቱ ይደርቃል፣ ይኮማተራል። ፍሬቱ ብረት ስለሆነ አይኮማተርም፤ ጫፉ ከአንገቱ ጠርዝ ወጥቶ መዳፍ ይቧጥጣል። በደቃቅ ሞረድ ጫፉን ማዘንበል የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ለእጅ ያለው ልዩነት ግን አዲስ ጊታር እንደመያዝ ነው።

አንገቱ ውስጥ የተቀበረ የብረት ዘንግ አለ። ክረምት ገብቶ እርጥበቱ ሲጨምር፣ በጋ መጥቶ ሲቀንስ አንገቱ ወዲያና ወዲህ ይጎብጣል፤ ዘንጉ ይህን ያስተካክላል። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አይዞርም፤ ከዚያ ተቃኝቶ ይታያል። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ፍሬት አንድ ላይ ሲይዙት ክሩ በሰባተኛው ፍሬት አካባቢ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ከፍ ካለ ደህና ነው። በ12ኛው ፍሬት ላይ ከ1.6 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ከፍታ ለብዙ ሰው እጅ ይስማማል።

ከዚያ የሚመጣው የብሪጁ ልክ ነው። 12ኛው ፍሬት የክሩ እኩሌታ ነው፤ በብዙ ጊታሮች 648 ሚሊ ሜትር የሆነው ክር 324 ላይ ይከፈላል። እዚያ ላይ ሳይጫኑ በጣት ነክተው የሚያወጡት ድምፅና ተጭነው የሚያወጡት ድምፅ በመቃኛ መሣሪያ አንድ መሆን አለባቸው። የተጫኑት ከፍ ካለ የብሪጁ ኮርቻ ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት ይሄዳል። ግማሽ ድምፆቹ የተቀራረቡትን አንቺ ሆዬን ከፍ ባለው ፍሬት ላይ የሚጫወት ሰው ይህ ሳይስተካከል ከኪቦርዱ ጋር አይስማማም።

ክሩ ከአንገቱ ራስ ላይ የሚያልፍባት ትንሽ ድልድይ በርካሽ ጊታር ላይ ባዶ ፕላስቲክ ናት። ጎድጓዷ ጠባብ ሲሆን ክሩ ተይዞ ይቆይና በድንገት ይለቃል፤ «ጊታሩ ቅኝት አይዝም» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። የእርሳስ ግራፋይት መቀባት ለጊዜው ያሻሽለዋል። ዘላቂው ከከብት አጥንት መሥራት ነው፤ ተቀቅሎ ስቡ የወጣ፣ የደረቀ አጥንት በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ይቀረጻል። ጥሬ ዕቃው ከሥጋ ቤት ይገኛል፤ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው።

ብር የሚወጣበት ተራ

ከዚህ በኋላ ነው መቀየር የሚመጣው። ትንሹ ወጪ ክር ነው፤ የዛገ ክር ማንኛውንም ፒካፕ ያደነቁራል። ቀጥሎ ጃኩ፣ መቀየሪያውና መቆጣጠሪያዎቹ ናቸው፤ አቧራ ገብቶባቸው ሲዞሩ የሚንጫጩትን በኮንታክት ክሊነር ማጽዳት፣ ካልሆነ መቀየር ነው። ለባለ አንድ ጥቅል ፒካፕ 250 ኪሎ ኦም፣ ለሃምበከር 500 ኪሎ ኦም የሆነ መቆጣጠሪያ ይገባል፤ ትንሹ ቁጥር ሹለቱን ያለሰልሳል፣ ትልቁ ድምፁን ይከፍታል። ረጅም ኬብልም ቀጭኑን ድምፅ ይበላል፤ በየሜትሩ 100 ፒኮፋራድ ገደማ ስለሚጨምር 6 ሜትር ለሚበቃው መድረክ 15 ሜትር መዘርጋት ኪሳራ ነው። ፒካፕ የሚቀየረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ይህ ሥራ ለጊታር ብቻ አይደለም። በባህል ምሽት ቤቶች የሚሰማው ኤሌክትሪክ ክራር የጊታር መቃኛና የብረት ክር ይዞ፣ ከሣጥኑ ውስጥ ፒካፕና ጃክ ተገጥሞለት ይመጣል። ውስጡ ባዶ እንጨት በመሆኑ ከጊታሩ የበለጠ ይጮኻል፤ መዳብ ቴፑና የግራውንድ ሽቦው ለእሱም በዚያው መንገድ ይገባሉ። የናይለን ክር ያለው ክራር በማግኔት ፒካፕ አይሰማም፤ የሚገባለት ከእንጨቱ ላይ የሚለጠፈው ፒኤዞ ነው፣ እሱም በተሸፈነ ሽቦ ካልተያዘ ኖይዝ ይሰበስባል።

ድምፃዊው ዓሊ ቢራ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ያረፈው አዳማ ውስጥ ነው። ዑድም ጊታርም ይጫወት የነበረው ይህ ሰው በኦሮምኛ ዘመናዊ ሙዚቃ ላይ የተወው አሻራ በነዚህ ከተሞች በየመድረኩ ይሰማል። እሱን እየሰሙ ያደጉት ልጆች ዛሬ ጊታር የሚገዙት በውድ ዋጋ ነው፤ የሚሰኩት ግን ባልተመረመረ ሶኬት ላይ ነው።

ስለዚህ ጊታር ለመቀየር ያሰባችሁ ወጣቶች ብራችሁን ለጥቂት ጊዜ ያዙት። መጀመሪያ ሶኬቱን አስለኩ፣ ቀጥሎ ኬብላችሁን ሞክሩ፣ ከዚያ ሆዱን አስከፍታችሁ በመዳብ አስለብሱት፣ አንገቱንና ብሪጁን አስተካክሉ። አሁንም ካልረካችሁ ያኔ ፒካፕ ግዙ። ለሆቴል፣ ለሰርግ አዳራሽና ለዝማሬ አዳራሽ ባለቤቶች ደግሞ አንድ አደራ አለን፦ ለመድረኩ የተለካ ኧርዝና አርሲዲ አስገቡለት። ለወንበር ልብስና ለመብራት ጌጥ ከምታወጡት ያነሰ ነው፤ የሚጠብቀው ግን የሰው ሕይወት ነው።